ናፍጣዬን ማን ጠጣው?

«ሰላም ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። በናፍጣ የሚሠራ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ሐረር እመላለሳለሁ፤ በወር አንዴ ሁለቴ ደግሞ ደወሌ ድረስ እወርዳለሁ። ከአራት ወር በፊት የፋብሪካውን 265/65 አር 17 ጎማ አውጥቼ 285/70 አር 17 የጭቃ ጎማ አስገባሁ። ፓራፋንጎውን እንዳይነካም መኪናውን ከፍ አስደረግኩት። ጣራው ላይ ፖርቶ መጋላ ከሁለት ጀሪካን ጋር ሰቀልኩ፣ ከፊት የብረት ፓራውልት አስበየድኩ። መኪናው አምሮበታል፤ ናፍጣው ነው ያስቸገረኝ። ድሮ በ50 ሊትር 500 ኪሎ ሜትር እሄድ ነበር፤ አሁን 420 ላይ ያልቅብኛል። መካኒኬ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኖዝል መታጠብ አለበት ይላል፣ የጠየቀኝም ቀላል ብር አይደለም። አማቼ ደግሞ ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ ስለሚሄድ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ማደያው ነው የሚሰርቅህ ይለኛል። ባለቤቴ ሁለቱንም አትሰማም፤ ‹ያንን ጣራ ላይ የሰቀልከውን አውርደው› ብቻ ነው የምትለው። ማን ነው ትክክል? ግራ የገባው ከሳቢያን።»

ወንድሜ ግራ የገባው፣

ለኖዝሉ ብር ከማውጣትህ በፊት ሒሳቡን እናጥራ። ከ500 ወደ 420 ወረደ ያልከው ቁጥር ራሱ ትክክል አይደለም። ዋሸህ ማለቴ አይደለም፤ የዋሸው ቆጣሪህ ነው።

የመኪናህ ቆጣሪ መንገዱን አያየውም። የሚያውቀው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ብቻ ነው፤ አንድ ዙር ስንት ሜትር እንደሆነ ደግሞ ፋብሪካው አንዴ ነግሮታል፣ ከዚያ በኋላ የነገረው የለም። ጎማ ስትቀይር አንተ አወቅህ እንጂ እሱ አላወቀም።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን እንየው። 265 ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 ሲል የጎማው ግድግዳ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለቱ ነው፣ 172 ሚሊ ሜትር ግድም። 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው፣ ወደ 432 ሚሊ ሜትር። ግድግዳው ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ይደመራል፤ ከዳር እስከ ዳር 776 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አዲሱን በዚሁ መንገድ ብታሰላው 831 ነው። ልዩነቱ 7 በመቶ። ስለዚህ ቆጣሪህ 420 ሲል አንተ የሄድከው ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሊትር 8.4 ሳይሆን 9 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ነው ማለት ነው። አሥራ ስድስት በመቶ ጠፋብኝ ያልከው ወደ አሥር በመቶ ወረደ፣ ገና ኮፈኑን ሳንከፍት።

የድሮው 500ም ቢሆን ትንሽ የተጋነነ ሳይሆን አይቀርም። ያወጣኸው ጎማ ጥርሱ አልቆ ከነበረ ከአዲስነቱ ይልቅ ዙሪያው ጠቧል፤ ጥርሱ ስድስት ሚሊ ሜትር ከተበላ ከላይና ከታች አሥራ ሁለት ነው፣ ወደ አንድ ተኩል በመቶ። ያለቀ ጎማ ብዙ ይዞራል፣ ቆጣሪውም ብዙ ይቆጥራል። ባለ መኪናዎች አዲስ ጎማ ባስገቡ ማግስት «ነዳጅ በላ» የሚሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ያውም ያንኑ ቁጥር ጎማ ሲገዙ።

ስሌቴን ግን አትመን፣ ለካው። ጎማ ጭነት ሲያርፍበት ይጨማደዳል፣ ነፋሱም ይለያያል። ስልክህ ላይ ጂፒኤስ ከፍተህ ሃያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ንዳና ከቆጣሪው ጋር አስተያየው፤ የጂፒኤሱን ለቆጣሪው አካፍለህ በሚወጣው ቁጥር ከዚያ ወዲያ ቆጣሪውን እያባዛህ ትኖራለህ። ናፍጣውን ደግሞ ጌጁን አይተህ አትገምት። አፉ ድረስ ሙላ፣ ንዳ፣ እንደገና እዚያው ማደያ እዚያው መቅጃ ላይ አፉ ድረስ ሙላ፤ ሁለተኛ የገባው ሊትር የበላኸው ነው። ድሮ ደረሰኝ እናጠራቅም ነበር፤ ዛሬ በቴሌብር ስለምትከፍል ቀኑና ብሩ ስልክህ ውስጥ ተቀምጦልሃል፣ አጠገቡ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ ብቻ ነው የሚቀርህ። አደራህን ደርሶ መልስ ለካ። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር 1,885 ላይ፤ ወደ ሐረር ስትወጣ ብቻ ለክተህ ታለቅሳለህ፣ ስትወርድ ብቻ ለክተህ ትፎክራለህ።

አሁን ወደ አማችህ እንምጣ። ግማሹ ትክክል ነው፤ ከአማች ግማሽ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። ትልቅ ጎማ ለተመሳሳይ መንገድ ሞተሩን 7 በመቶ ያነሰ ያዞረዋል፣ ልክ የማርሽ ጥርስ እንደቀየርክ። በሜዳ ላይ፣ በተመጠነ ፍጥነት፣ ጎማው ያንኑ ያህል የሚቀልና የሚለሰልስ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይጠቅም ነበር። ግን ሞተር ናፍጣ የሚበላው በዋናነት በሚሠራው ሥራ ልክ እንጂ በዙሩ ብዛት አይደለም። ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ አቀበት ላይ ደግሞ አይተኸዋል፤ ድሮ በሦስተኛ ትወጣው የነበረውን ጠመዝማዛ አሁን ማጋመሻው ላይ መኪናው ይተነፍስብሃል፣ ሁለተኛ ታስገባለህ። የቆጠብከውን ዙር እዚያ ትመልሰዋለህ።

ይልቅ አማችህ ያላየው ሌላ ነገር አለ። ቆጣሪው ርቀቱን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱንም ነው የሚዋሽህ። በደወሌው የክፍያ መንገድ መርፌው 100 ላይ ሲቆም አንተ በድሮው ጎማ 107 ስትል የነበርከውን ያህል እየበረርክ ነው። ነፋስ ደግሞ ፍጥነትን በራሱ አባዝቶ ነው የሚያስከፍለው፤ ሰባት በመቶ ስትፈጥን ግፊቱ ወደ 14 በመቶ ያድጋል። ከ80 ወደ 100 ስትል ፍጥነቱ በሩብ አደገ፣ ነፋሱ ግን በ56 በመቶ። ስለዚህ ቆጣሪህ በአንድ በኩል የጠፋብህን ናፍጣ አጋንኖ ያሳይሃል፣ በሌላ በኩል ሳታውቀው እያፈጠነህ ራሱ ያስጠጣሃል። የትራፊክ ቅጣቱ ሌላ ነው፤ ራዳሩ ያንተን ዳሽቦርድ አያነብም።

ባለቤትህ ግን አገኘችው። (ፖርቶ መጋላ በተባለ ቁጥር እኔ ሁልጊዜ መጋላ ሠፈር መርከብ የሚቆም ይመስለኛል፤ ከእኛ መጋላ ጋር ግን ዝምድና የለውም፣ የጣሊያኖቹ ‹ፖርታ ባጋሊ› እኛ አፍ ውስጥ ገብቶ ነው።) የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ለአሽከርካሪዎች በሚሰጠው ምክር ጣራ ላይ የሚጫን ትልቅ ሣጥን በከተማ መንገድ ከ2 እስከ 8 በመቶ፣ በፈጣን መንገድ ከ6 እስከ 17 በመቶ በሊትር የሚኬደውን ርቀት ይቀንሳል ይላል። ያንተ ሣጥን ሳይሆን ብረትና ጀሪካን ነው፤ የመጨረሻውን ቁጥር አልሰጥህም። ግን አንድ ጊዜ ደወሌ ስትወርድ መስኮቱን ዝጋና ራዲዮውን አጥፋ። ከ70 በላይ የሚጀምረውን ፉጨት ስማው። ያ ፉጨት የሚመጣው ነፋሱ ከጀሪካኑ ጀርባ ሲቀደድ ነው፤ የሚከፍልለት ደግሞ ያንተ ታንከር ነው። መኪናውን ከፍ ማስደረግህም እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ከሥር የሚገባው ነፋስ ዲፈረንሻሉንና ሻንሲውን እየተጋጨ ነው የሚወጣው። ያ ግን በቀላሉ አይመለስም፤ ፖርቶ መጋላው በአራት ብሎን ይወርዳል።

ስለ ክብደቱ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይጨነቃል። ከድሬ ደንገጎ አናት ያለውን አቀበት ዝቅ አድርገን 800 ሜትር እንበለው። አንድ መቶ ኪሎ ትርፍ ዕቃ ያን ከፍታ ለማውጣት የሚጠይቀው ናፍጣ፣ ሞተሩ ከሚያባክነው ጋር፣ አንድ የቡና ስኒ ያህል ነው። የብረት ፓራውልትህ፣ ፖርቶ መጋላህና ሙሉ ጀሪካኖችህ አንድ ላይ ምናልባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ቢሆኑ ነው፤ አንድ ተኩል ስኒ። ሐረር በተመላለስክ ቁጥር አንድ ተኩል ስኒ መድፋት ደስ አይልም፣ ግን የጠፋብህ አምስት ሊትር እዚያ ውስጥ የለም። ጎማው ላይ ያለው ኪሎ ግን ከዚህ ይለያል። አንዱ የጭቃ ጎማ ከቀድሞው ሰባት ስምንት ኪሎ ሊከብድ ይችላል፣ ያም ኪሎ ዳሩ ላይ ተቀምጦ የሚሽከረከር ነው። ወደፊት መግፋትም ማዞርም ስለሚጠይቅ፣ ስትነሳ ካሶኒ ውስጥ ከተቀመጠ ኪሎ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከዚራ ውስጥ ባጃጁ ፊትህ በቆመ ቁጥር ፍሬን፣ እንደገና መነሳት፣ ፍሬን፣ እንደገና መነሳት፤ የሚያስከፍለው እዚያ ነው።

ከዚህም በላይ የሚያስከፍለው ጥርሱ ነው። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ረጅምና እርስ በርሱ የተራራቀ ነው፤ ጭቃ ውስጥ እንዲነክስ ተብሎ። አስፋልት ላይ እያንዳንዱ ጥርስ መሬት ሲነካ ይጎብጣል፣ ሲለቅ ይቃናል፣ በየዙሩ። የጎበጠ ጎማ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ከናፍጣህ የመጣ ነው። እና ይቅርታ አድርግልኝ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ጭቃ በዓመት ስንት ቀን ታያለህ አቦ? እኛ ያለን አሸዋ ነው፣ አሸዋ ደግሞ የሚፈልገው ሰፋ ያለና ነፋሱ የተቀነሰ ጎማ እንጂ ጥርሳም ጎማ አይደለም። ሐረር ውስጥ እነዚያ አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች በቀጫጭን ጎማቸው የጀጎልን ዳርቻ ስንት ዓመት ሲዞሩት አይተሃል፤ አንዱ እንኳ የጭቃ ጎማ ይገባልኝ ብሎ አያውቅም።

ነፋስ ስል ትዝ አለኝ፤ መልካ ጀብዱ አካባቢ አሸዋ ውስጥ ለመግባት ነፋስ ካስቀነስክ በኋላ መልሰህ አስሞልተሃል? ብዙ ሰው ይረሳዋል። እንደዚያው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ከሆነ አራቱም ጎማ በአማካይ አንድ ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) ሲጎድል ነዳጅ በ0.2 በመቶ ይጨምራል፤ አሥር ከጎደለ ሁለት በመቶ ነው፣ ለማስመለስ ደግሞ የጎሚስታ ዋጋ ብቻ። መጀመሪያ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንብብ። እሱ የተጻፈው ለፋብሪካው ጎማ ነው፤ ወፍራም የጭነት ዓይነት ጎማ ካስገባህ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ትንሽ ከፍ ያለ ይፈልጋል እንጂ ያነሰ አይደለም። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን የመሙያ ልክ አይደለም፣ አታምታታው። የራስህን መለኪያ ግዛ፤ ጎማውን በእርግጫ መትቶ «ደህና ነው» የሚል ጎሚስታ እኔ ሠፈርም አለ። መለካት ያለብህ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ነው። ሙቀት በአምስት ተኩል ዲግሪ ሲጨምር ነፋሱ አንድ ፒኤስአይ ያህል ከፍ ይላል። ከሐረር ጠዋት ወርደህ ድሬ ቀትር ላይ ብትለካ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ፤ «በዛ» ብለህ ካስተነፈስከው ማግስት ጠዋት የጎደለ ጎማ ይጠብቅሃል።

አንድ የራሴን ላውጋህ። ከዓመታት በፊት ነዳጅ የሚበላ አሮጌ ፒክአፕ ነበረኝ፤ አንድ ጋራዥ ፖምፓው ነው ብሎኝ ከፈልኩ፣ ፖምፓው ተስተካከለ፣ መብላቱ አልቀረም። አንድ ቀን ከሐረር ወርጄ ለገሃር ስቆም የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ወርጄ በእጄ ቸርኬዎቹን ዳበስኩ። ሦስቱ ለብ ብለዋል፣ የግራው የኋላ እጅ አያስቀምጥም። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ይዞት ኖሯል፤ ወራት ሙሉ ፍሬን ይዤ ነበር የምነዳው። አንተም ከኋላ ከፍ ስላስደረግኸው የእጅ ፍሬኑ ገመድ ተወጥሮ ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ፣ ፍሬን ብዙ ሳትይዝ አሥር ኪሎ ሜትር ነድተህ ቁምና አራቱን ጠጋ ብለህ ዳስስ። አንዱ ብቻውን ከጋለ ክሪክ ሰጥተህ በእጅህ አዙረው፤ በነጻ መዞር አለበት። እግረ መንገድህን አላይመንቱንም አስለካ፤ ከፍ ሲደረግ ይዛነፋል፣ የተዛነፈ ጎማ እየተጎተተ ነው የሚሄደው፣ ናፍጣውንም ራሱንም ይጨርሳል።

ደንገጎን ስትወርድ ናፍጣ ለማዳን በፎሌ የምትለቀው ከሆነ አሁኑኑ ተው። በአዲሶቹ ናፍጣ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ኮምፒውተሩ ናፍጣውን ይዘጋዋል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ በፎሌ ስትለቀው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ማንጠባጠቡን ይቀጥላል። ስለዚህ በፎሌ መውረድ አያድንም፣ ፍሬኑን ግን ያቃጥላል። ትልቅ ጎማ ያስገባ ሰው ደግሞ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፦ በየማርሹ ሞተሩ የሚይዝልህ ኃይል በዚያው 7 በመቶ ቀንሷል፣ ፍሬኑም ያንኑ ጎማ ለማቆም በዚያው ልክ ይበልጥ መጨበጥ አለበት። ድሮ በሦስተኛ ትወርደው የነበረውን ጭነት ይዘህ በሁለተኛ ውረደው።

ኖዝሉን አሁን አትንካ። ኖዝል የተበላሸ መኪና ይናገራል፦ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል፣ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። አንተ ከእነዚህ አንዱንም አልጻፍክም። ከጻፍከው የምረዳው መብላት የጀመረው ጎማ ከቀየርክ በኋላ መሆኑን ነው፤ ኖዝል የጎማ ቀን ጠብቆ አይበላሽም። የአየር ፊልትሮውን ግን አውጥተህ አራግፈው ወይም ቀይረው፣ የድሬ አቧራ አይታመንም። «ቺፕ እናስገባ» ወይም የናፍጣ ቱቦ ላይ ማግኔት እንሰር የሚል ከመጣ ሻይ ጋብዘህ ሸኘው። ማደያውንም ከመክሰስህ በፊት ከሁለት ሦስት የተለያየ ማደያ ቀድተህ አነጻጽር፤ ሁሉም ጋ እኩል ከበላ ማደያዎቹ ተማክረው አይደለም።

ጎማውስ ይውጣ ወይ? ብርህን አውጥተህበታል፣ አምሮበታልም ብለሃል፣ ማማሩን አልክድም። እኔ ብሆን ፖርቶ መጋላውን ዛሬ ማታ አውርጄ፣ ነፋሱን ነገ ጠዋት ሞልቼ፣ ደወሌ ስወርድ መርፌውን 80 እንዳያልፍ አድርጌ አንድ ወር እለካ ነበር። ከጠፋብህ አሥር በመቶ ጥሩው ክፍል በዚህ ሊመለስ ይችላል። ጎማው ሲያልቅ ግን ወደ 265/65 ተመለስ፤ ገጠር መግባትህ ካልቀረ የጭቃውን ኤምቲ ትተህ ኤቲ የሚባለውን፣ ለሁለቱም መንገድ የሚሆነውን ግዛ። ታይዋን ገበያ ጎማ ስትጠይቅ የተመረተበትን ቀን አትርሳ፤ ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋላዎቹ ሁለቱ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ርካሽ ጎማ ብዙ ጊዜ ርካሽ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን ዘይት የምትቀይረው በ5,000 ኪሎ ሜትር ከሆነ ቆጣሪው 5,000 እስኪል አትጠብቀው። 4,670 ሲል አንተ 5,000ውን ጨርሰሃል።